የእትዬ ዘነበች መስመር

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሆመቾ እስከ ሾኔ በተዘረጋው የስልክ ገመድ ላይ የሚያርፉ ወፎች ሳይቀሩ ያውቁኛል። መሰላሌን ተሸክሜ ስመጣ ገና ከሩቅ አይቶኝ የሚድን መስመር ነበር። ማጋነን አይምሰላችሁ፤ ሞቶ የሰነበተ ስልክ ኮቴዬን ሰምቶ “ቱ…” ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሳልጠግነው የቀረሁት ብልሽት አንድም የለም።

የወፎቹን ነገር ተዉት። የመጨረሻዋ ግን እውነት ናት፤ ችግሩም እሷው ናት። ከጠገንኳቸው መስመሮች መካከል መጠገን ያልነበረበት አንድ አለ። እሱን ሳልጠግነው ቀርቼ ቢሆን ይህን ጉራ ስነዛ ምላሴ ባልተሳሰረ ነበር።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬ ገና ነው፣ ፀጉሬም እንደነገሩ አለ፣ ወገቤ ግን ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። የሕክምና ቦርዱ “ጎንበስ በል” አለኝ፣ ጎነበስኩ፤ “ቀና በል” ያለኝን ግን እስከ ዛሬ እየሞከርኩት ነው። ወረቀቴን ፈርመው ሰጡኝ። የአበሉን ነገር አላነሣም፤ እሱ ራሱን የቻለ ለቅሶ ነው።

ሥራ የጀመርኩት አንጋጫ ነው። ሰርተፍኬቴን ይዤ ስደርስ ከተማው በሆታ የሚቀበለኝ መስሎኝ ነበር፤ የተቀበሉኝ ጋሼ ላፌቦ ብቻ ናቸው። ጋሼ ላፌቦ የመስመር ሠራተኛ ነበሩ። ከቀጭንነታቸው የተነሣ ምሰሶ ላይ ሲወጡ የትኛው ምሰሶ የትኛው ጋሼ ላፌቦ እንደሆነ ለመለየት ሁለቴ ማየት ይጠይቅ ነበር። ጆሯቸው ግን ከመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ ሁሉ ይበልጣል። የመሞከሪያውን ስልክ ገመዱ ላይ ሰክተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። እንደሚጠበስ ሽንኩርት ከተንጫጫ መጋጠሚያው ውስጥ ውኃ ገብቷል። ከሩቅ እንደሚነፍስ ነፋስ ሹሹ ካለ መዳቡ ዝጎ አረንጓዴ ለብሷል። ጭር ካለ ተቆርጧል። እኔ የምሰማው ዝም ብሎ ጩኸት ነበር፤ እሳቸው ግን የሰማይ መላእክትን ዜማ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው “ከሦስተኛው ምሰሶ ወዲያ ነው” ይላሉ። ሄደን እናያለን፣ ከሦስተኛው ምሰሶ ወዲያ ነው።

አንድ ልማዳቸው ግን ያቃጥለኝ ነበር። ሰው ቤት ሲገቡ የዕቃ ቦርሳቸውን አይከፍቱም። መጀመሪያ ይቀመጣሉ። የቀረበላቸውን ይቀምሳሉ። ከዚያ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፦ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ የታመመው አጎት፣ የተጣላው ጎረቤት። እኔ በሩ ላይ መሰላል ታቅፌ እንደ ሐውልት እገተራለሁ። አንድ ቀን ብሶብኝ፣ ስልክ ልንጠግን ነው ወይስ ሕዝብ ልንቆጥር የመጣነው ብዬ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። መንገድ ላይ ስንደርስ እንዲህ አሉኝ፦

“ሽቦ በገዛ ፈቃዱ አይቆረጥም። ወይ ዝናብ ነው፣ ወይ አይጥ ነው፣ ወይ ሰው ነው። ዝናብና አይጥ ከሆነ ሥራህን ሥራ። ሰው ከሆነ ግን ፒንሳህን አስቀምጥና ለምን ብለህ ጠይቅ።”

እኔም አንገቴን ነቀነቅኩና ረሳሁት። ወጣት ሰው አንገቱን የሚነቀንቀው ለመርሳት ነው።

ከአንጋጫ ዱራሜ፣ ከዱራሜ ሾኔ፣ ከሾኔ ሆሳዕና ተዘዋወርኩ። ዱራሜ ሳለሁ አለቃዬ ከፍታ የሚፈራ ሰው ነበር፤ ምሰሶ ላይ ሆኜ ሳየው እሱ መሬት ላይ ቆሞ ያዞረው ነበር። የሾኔው አለቃዬ ደግሞ ሪፖርት ወዳድ ነበር፤ ያልተበላሸ መስመር እንኳ “አለመበላሸቱ ታይቷል” ተብሎ እንዲጻፍለት ይፈልጋል። ሆሳዕና ስደርስ ዘመኑ ተለወጠና ራውተር መጣ።

ራውተርን ከቤት ማስገባት ቀላል ነው። ገመዱን ከግድግዳው ሳጥን ታመጣለህ፣ ድምፅና ኢንተርኔት በምትለየው ትንሿ ስፕሊተር ታሳልፈዋለህ፣ አንዱን ጫፍ ለስልኩ ሌላውን ለራውተሩ ትሰካለህ። ከተምታታብህ ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይሞታል፤ ስንቱ ቤት “ስልካችን ኢንተርኔታችንን ይመቀኛል” ብሎ አቤት ብሎኛል። ከዚያ የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ታስገባለህ፣ መብራቶቹ አረንጓዴ እስኪሆኑ ትጠብቃለህ፣ አለቀ። ከባዱ ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ የቤቱ እመቤት ለራውተሩ ልብስ ትሰፋለታለች። በዚያ አገር ቡፌ ውስጥ ገብቶ ዳንቴል ያልለበሰ ራውተር አላየሁም። አንዱ ቤትማ ከዳንቴሉ ሥር ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ሥር ፎጣ ደርበውለት አገኘሁት፤ እንቁላል ብታስቀምጥበት ይፈለፍል ነበር። ሙቀት ስለሚወድ ጉንዳንም ይገባበታል። “እባካችሁ ይተንፍስ፣ ራቁቱን ተዉት” ስል ሴቶቹ ብልግና የተናገርኩ ያህል ያፍሩብኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ራውተር የመጣው ግን ለፊልም አይደለም፤ ለልጆች ነው። በእኛ በኩል ልጅ ደቡብ አፍሪካ ያልሄደበት ቤት ቢገኝ ልጅ የሌለበት ቤት ነው። ልጁ እዚያ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ትንሽ ሱቅ ይከፍታል፤ ቀን ይሸጣል፣ ሲመሽ ከፍርግርጉ ኋላ እዚያው ይተኛል። ገንዘብ ሲይዝ መጀመሪያ ለእናቱ ጣሪያ ይቀይራል፣ ቀጥሎ ራውተርና ታብሌት ያስገባል፣ ፊቷን እያየ በኢንተርኔት ሊደውልላት። እኔ የስልክ ሠራተኛ ነኝ ብል ነው እንጂ፣ በእውነቱ እናትና ልጅ አገናኝ ነበርኩ። “ኢንጂነር” ይሉኛል፤ አልነበርኩም፣ ግን አላረምኳቸውም።

እትዬ ዘነበች ሆሳዕና ገበያ ቅቤ ትነግዳለች። ባሏ የሞተው ልጇ ታምራት ገና ሳይድህ ነው፤ እሱኑ ብቻ ይዛ ቀረች። ሳቋ ከቅቤ ተራ ተነሥቶ መናኸሪያው ድረስ ይሰማል። ማንበብ አትችልም፤ ታብሌቱን ያስገባሁላት ጊዜ የታምራትን ፎቶ የት እንደምትጫን አሳየኋት፣ አንዴ አይታ ያዘችው። በየማታው ትጫነዋለች። የምትነጋገረውን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሩቅ አገር ላለ ሰው መጮህ ያስፈልጋል ብላ ታምናለችና።

ሾኔ ለመስክ ሥራ ሰንብቼ በተመለስኩበት ቀን መሥሪያ ቤታችን በር ላይ አገኘኋት። መስመሯ ተቆርጧል፣ በየቀኑ እየመጣች ታመለክታለች፣ ዛሬ ነገ ይሏታል። የእጅ ስልኳንም የባሏ ወንድም አቶ ኤርሲዶ “ላሠራልሽ” ብለው ወስደው አልመለሱም። የልጇን ድምፅ ካጣች ሰንብታለች። ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻዋን ለምን እንዳስቀመጠው ገርሞኝ ልጠይቀው ነበር፤ ምሳ ወጥቷል አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ሌላው ሲተኛ እኔ እንደማልተኛ፣ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ከታምራት ጋር እንደማገናኛት ነገርኳት። መሰላሌን ባጃጅ ላይ ጭነን ሄድን። ባጃጅ ነጂው በወትሮው ምላሱ የማያርፍ ነው፤ ያን ቀን መንገዱን በሙሉ ዝም አለ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም፣ እሷን ሳስቃት ሄድኩ።

ከቤቷ ፊት ለፊት የሸምሱ ሱቅ አለ። መሰላሌን ሳወርድ ሸምሱ ብቅ አለና ለስላሳ ልጋብዝህ፣ ና አንዴ ግባ አለኝ። ስጨርስ እመጣለሁ አልኩት። አሁን ና አለኝ። እትዬ ዘነበች ከጎኔ ቆማ ነበር። ሸምሱ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሰኞ ብትሠራው ምን አለበት፣ ዛሬ ፀሐዩ ከባድ ነው አለ። እኔ ስቄ፣ ሸምሱ ከመቼ ወዲህ ነው ለወገቤ የምታስበው አልኩት። ወደ ሱቁ ተመለሰና ስልኩን አነሣ።

ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለችውን የገመድ ሳጥን ከፈትኩ። ሁለቱ ሽቦዎች ተቆርጠዋል። ዝናብ አልነበረም። አይጥም አልነበረም። ቆራጩ ስለት የያዘ ሰው ነው፤ ያውም ጠንቃቃ ሰው። ጫፎቹን መልሶ፣ እንዳይዝጉ በጥቁር ፕላስተር እንደ ሕፃን ጣት ጠቅልሏቸዋል። ሌባ ቆርጦ አይጠቀልልም። ምቀኛም አይጠቀልልም። ይህን ያደረገው አንድ ቀን መልሶ ሊቀጥለው ያሰበ ሰው ነው። እኔ ይህን ሁሉ መሰላሉ ላይ ሆኜ አየሁ፤ አይቼም ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህን ፈጥኜ ስቀጥለው እንዴት እንደምትደነቅ። ፕላስተሩን ልጬ፣ መዳቡን ፍቄ፣ አጣምሬ አሰርኩት። በሥራ ዘመኔ ከሠራኋቸው መጋጠሚያዎች እንደ እሱ ያማረ አልሠራሁም።

ወርጄ አብረን ገባን። ቡፌው ውስጥ ያለው ራውተር ዳንቴሉን እንደለበሰ ነው። የመስመሩ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፣ ከዚያ በርቶ ቀረ። የኢንተርኔቱ ቀጠለ። ታብሌቱ ትን፣ ትን፣ ትን እያለ የተጠራቀመውን መልእክት ሁሉ ያራግፍ ጀመር። እትዬ ዘነበች እጆቿን አጨበጨበች፣ ጌታ ይባርክህ አለችኝ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ከታብሌቱ ፊት ተቀመጠችና የልጇን ፎቶ ተጫነች።

ጥቂት ጠራ፣ ተነሣ። ፊት አልታየም፤ ስልኩ ጣሪያ ላይ ነው ያነጣጠረው። የወንድ ድምፅ ነው፣ የታምራት ግን አይደለም። እሷ እንደ ልማዷ ጮኻ “ታሜ! ታሜ!” አለች። ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ማልቀስ ጀመረ። በሀዲይኛ ነበር የተናገረው፤ ወደ አማርኛ ሳመጣው ይቀዘቅዛል እንጂ ነገሩ ይህ ነው፦

“እማዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ ነኝ የገነዝኩት፣ ሌላ እጅ አልነካውም። ዛሬ ጭነነዋል።”

ያነሣው የታምራት ባልንጀራ ነው፤ ልጁ አልተሳሳተም። ታሪኩን በኋላ ነው የሰማሁት። ታምራትን ሱቁ ውስጥ ገድለውታል። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለአቶ ኤርሲዶ ነው። እናቱ የደም ግፊት አለባት፤ አስከሬኑ እስኪመጣ ትቆይ፣ ሊደርስ ሲል ሰኞ ማለዳ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ መርዶ ይነገራታል ተባለ። መስመሯን በእጃቸው የቆረጡትም፣ የጠቀለሉትም እሳቸው ናቸው። እዚያ ላሉት ባልንጀሮቹም “መስመሩ የሚቀጠለው ከተረዳች በኋላ ነው” ብለው ላኩባቸው። ስለዚህ የእናትየው ጥሪ ሲመጣለት ያ ልጅ የገባው አንድ ነገር ነው፤ መርዶው ተነግሯል። ሥራ አስኪያጁም ያውቅ ነበር። ባጃጅ ነጂውም፣ ሸምሱም። ከተማው በሙሉ ያውቅ ነበር፣ ሾኔ ከከረመው ከእኔ በቀር።

እትዬ ዘነበች አልጮኸችም። ዞር ብላ አየችኝ።

“ኢንጂነር፣ ምኑን ነው የጫኑት? ምን ይላል?”

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ጉልበቷን ይይዝ ነበር። እኔ ግን የሥራዬ ነገር ነው የቀደመኝ።

“መስመሩ አይሰማም እትዬ፣” አልኳት። “ድምፁ ይቆራረጣል።”

መስመሩ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም። የልጁ እንባ ሲዋጥ ይሰማ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ያለ ውሻ ሲጮኽ ቡፌው ውስጥ ይሰማ ነበር። እሷ ግን አመነችኝ። ወደ ታብሌቱ ተጠግታ፣ ይበልጥ ጮኻ፣ “አልሰማሁህም ልጄ፣ ድገምልኝ” አለችው። እሱም ደገመላት።

አቶ ኤርሲዶ ከሱቁ በኩል እየሮጡ ሲገቡ እሷ ወለሉ ላይ ነበረች። እኔን አላዩኝም። መጀመሪያ ያዩት የራውተሩን አረንጓዴ መብራት ነው። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው አጠገቧ ተቀመጡ። መርዶው በወጉ አልተነገረም። ሽማግሌ አልቆመም፣ እህቶቿ ከግራና ከቀኝ አልያዟትም፣ ጸሎት አልተደረገም። ከአንድ ታብሌትና መሰላል ካዘለ ቀልደኛ ተረዳችው።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥኩ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ቢናገሩኝ በተሻለኝ። በጎኔ የተቀመጠ አንድ ሰው ጥቂት አብሮኝ ከተከዘ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ የቤቱ ኢንተርኔት ማታ ማታ ለምን እንደሚደክም ጠየቀኝ። መለስኩለት፤ ዳንቴሉን አንሣ አልኩት። ምን ላድርግ።

ጋሼ ላፌቦ ጡረታ ከወጡ ቆይተው ነበር። ከአንጋጫ ለለቅሶ መጡ። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል፣ ቅጥነታቸው ግን ያው ነው። ወሬውን ሰምተዋል። ከጎኔ ተቀመጡ፣ የእናቴን ጤና ጠየቁኝ፣ ልጆቼን በስም በስማቸው ጠየቁኝ፣ የወገቤን ነገር ጠየቁኝ። ሁሉንም ከመለስኩ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

“ሰው መሆኑን አይተህ ነበር?” አሉኝ።

“አይቼ ነበር።”

እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ፤ እስክንነሣ ድረስ እዚያው ነበር። ብዙ አለቆች ተቆጥተውኛል፣ ደመወዜን የቀጣኝም አለ፤ እንደዚያ እጅ የከበደኝ ግን የለም። በሚቀጥለው ክረምት አረፉ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ሽማግሌ ይዤ የሄድኩት ሐዘኑ ትንሽ ከበረደ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ንግግራቸውን ሳይጀምሩ እትዬ ዘነበች አቋረጠቻቸው። ቅቤ ተራ ተመልሳ ነበር፤ ሳቋ ግን አልተመለሰም። ራውተሩን ከቡፌው አውጥታ መስኮቱ ሥር አስቀምጣዋለች፣ ጠፍቷል። እኔ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዘችኝና ተቀመጥ አለችኝ።

“ልጄ ሞቶ ገበያ ወጥቼ ስስቅ ነበር፣” አለች። “ቅቤ የሚገዛኝ ሁሉ ያውቃል፣ እኔ እስቃለሁ። ሳቄን ሁሉም ሲያይልኝ ከረመ። ኤርሲዶ ለኔ አስቦ ነው፣ አውቃለሁ፣ አልቀየምኩትም። አንተ ባትመጣ ግን እስከ ሰኞ እስቅ ነበር።”

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። አመሰግንሃለሁም አላለችኝም። ሽማግሌዎቹ ጸለዩ፣ ወጣን። ስንወጣ አንደኛው፣ እንግዲህ ነገሩ አለቀ አለኝ። እሺ አልኩ።

ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ሰው ቤት ስገባ ቦርሳዬን ሳልከፍት እቀመጥ ነበር። ልጆቹን፣ ከብቱን፣ የታመመውን እጠይቃለሁ። አዲሶቹ ሠራተኞች በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። አንዳንዴ ከመጠየቄ ብዛት የሄድኩበትን ረስቼ በልቼ ጠጥቼ እወጣለሁ፤ ከመንገድ ይመልሱኛል። ሁለት ጊዜም ተቆርጦ የተጠቀለለ ሽቦ አጋጥሞኛል። ሳጥኑን ዘግቼ፣ መለዋወጫ የለም፣ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ትንሽ ታገሡ ብዬ ወርጃለሁ። እናቶቹ መሥሪያ ቤቱን ሲራገሙ አብሬ ተራገምኩ። እትዬ ዘነበች ይህን ብትሰማ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። አሁንም የቱ ትክክል እንደሆነ አላውቅም፤ የሚያውቅ ካለ ሆሳዕና ነኝ፣ ይምጣና ይንገረኝ።

የእኔም ትልቁ ልጅ እዚያው ሄደ። ተው ብዬው ነበር። እሱም ሎኬሽን ውስጥ ሱቅ ከፍቷል፣ እሱም ከፍርግርጉ ኋላ ይተኛል፣ እሱም ታብሌት ላከ። ራውተሩን የሰካሁት እኔው ነኝ፤ እንደ ሰዓት ይሠራል። ደዋዩ ልጁ ይሁን ወይም ልጁን የገነዘው ሰው፣ ጥሪው ሲመጣ የሚታየው ያው የልጁ ፎቶ ነው። ስለዚህ ታብሌቱ ሲጮኽ እኔ አላነሣም። ግቢው ጥግ ያለው ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ከውስጥ እቀረቅራለሁ፤ ባለቤቴ ልጁን በልተሃል አልበላህም እያለች መቆጣት ስትጀምር ሰምቼ ነው የምወጣው። እሷ ሆዴን የሚያመኝ ይመስላታል።